በፈጠራ ቋንቋ ዕድሜን መናገርና ልደትን መቁጠር፦ ከጣና ዳር የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

ለልብ ወለድ፣ ለተውኔት ወይም ለጨዋታ የራሱን ቋንቋ የሚፈጥር ሰው ብዙውን ጊዜ ቁጥሮቹን ቀድሞ ያበጃል፤ ቀጥሎ «ዓመት» ለሚለው ቃል አንድ ድምፅ ይመርጥና «ሠላሳ ዓመቴ ነው» የሚለውን የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ይተካል። ውጤቱ ልብሱን የቀየረ አማርኛ እንጂ አዲስ ቋንቋ አይደለም። ዕድሜ የሚነገርበት መንገድ ሕዝቡ ምን እንደሚቆጥር፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጥርና ማን እንደሚቆጥርለት የሚያሳይ በመሆኑ፣ ሰዋስው ከመጀመሩ በፊት እነዚህ ሦስቱ መወሰን አለባቸው። በዚህ መመሪያ ውስጥ በምሳሌነት የምጠቀመው ባሕር ዳር ተቀምጬ፣ ሐይቁን እያየሁ የፈጠርሁትን «ኢሙርኛ» ነው፤ ተናጋሪዎቹ ኢሙሬዎች በአንድ ምናባዊ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ ታንኳ ቀዛፊዎች ናቸው። ቃላቱን ሁሉ በፊደላችን እጽፋለሁ።

አንደኛ ርምጃ፦ የራስን ቋንቋ እንደ እንግዳ ማየት

አማርኛ ዕድሜን የሚናገርበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። «ሠላሳ ዓመቴ ነው» ስንል ዓመቱን የራሳችን ንብረት አድርገን በአገናዛቢ ቅጥያ እንይዘዋለን፤ «ሠላሳ ዓመት ሞላኝ» ስንል ግን ባለቤቱ ዓመቱ ሆኖ እኛ ተሳቢ እንሆናለን፤ «ሠላሳኛ ዓመቴን ያዝሁ» ስንል ደግሞ ባለቤትነቱ ወደ እኛ ይመለሳል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በትርጉምም አንድ አይደሉም። ሃያኛ ዓመቱን የያዘ ሰው የሞላው ዐሥራ ዘጠኝ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን ቀላቅሎ የሚጽፍ ደራሲ ገጸ ባሕርይውን ሳያውቀው በአንድ ዓመት ያስረጀዋል ወይም ያሳንሰዋል።

ሌሎች ቋንቋዎች ሌላ መንገድ ይሄዳሉ። ፈረንሳዮችና ስፔናውያን ዓመት «አለኝ» ይላሉ። ሩሲያውያን «ለእኔ ሠላሳ ዓመት» ወደሚል አነጋገር ያዘነብላሉ። ከፈጠራ ቋንቋዎች መካከል በ1887 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይፋ የሆነው ኤስፔራንቶ ሁለት መንገድ ይፈቅዳል፤ «ሃያ ዓመታት አሉኝ» ማለትም፣ «ሃያ-ዓመታዊ ነኝ» ማለትም ይቻላል። ማርክ ኦክራንድ ለ«ስታር ትሬክ» ፊልሞች የፈጠረው ክሊንጎን ደግሞ ዕድሜን በግሥ ይናገራል፤ ተናጋሪው «ከአርባ ዓመት በፊት ተወልጃለሁ» ይላል እንጂ «አርባ ነኝ» አይልም። የዚህ ርምጃ ሥራ እንግዲህ የአማርኛዎቹን መንገዶች በወረቀት ላይ ጽፎ፣ ከሌሎቹ ጋር አስተያይቶ፣ የትኛውን ሆን ብለው እንደሚወስዱና የትኛውን ሆን ብለው እንደሚተዉ መወሰን ነው።

ሁለተኛ ርምጃ፦ የሚቆጠረውን ነገር መምረጥ

«ዓመት» ሁልጊዜ የፀሐይ ዓመት መሆን የለበትም። በባሊ ደሴት የ210 ቀን ዑደት አለ፤ ኦቶናን የሚባለው የልደት ሥርዓት የሚከበረውም በዚያ ዑደት ስለሆነ፣ የሰው ልደት ከፀሐይ ዓመት ፈጥኖ ይመለሳል። በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ሰው የሚያልፍባቸው እርከኖች በስምንት በስምንት ዓመት የተከፈሉ ሲሆኑ፣ የልጅ እርከን የሚወሰነው ከአባቱ እርከን ጋር ተያይዞ እንጂ በተወለደበት ቀን ብቻ አይደለም። እነዚህ ሁለቱ አንድ ነገር ያስተምራሉ፤ የዕድሜ መስፈሪያ ከቀን መቁጠሪያ ሊያንስም ሊበልጥም ይችላል።

ለኢሙርኛ መስፈሪያውን የወሰድሁት ከዓይኔ ፊት ካለው ነው። ጣና በዓመት ውስጥ ይተነፍሳል። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ የክረምቱን ዝናብ ይዘው ይገቡበታል፤ በተፈጥሮ የሚወጣበት መውጫ ግን ዓባይ ብቻ ነው። ስለዚህ ዝናቡ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ቢሆንም፣ ሐይቁ ከፍታውን የሚነካው ዘግይቶ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ ዝቅ የሚለው ደግሞ በሰኔ ገደማ ነው። ከደቅ ወይም ከዘጌ የሚመላለስ ሰው ይህን በመቁጠሪያ ሳይሆን በወደቡ ድንጋይ ላይ በቀረው የውኃ መስመር ያነበዋል። በኢሙርኛ ሙላቱ «ታሎ»፣ ጉድለቱ «ሴን» ይባላል፤ «ዓመት» የሚል ሌላ ቃል የለም። አንድ ታሎ አንድ ዕድሜ ነው።

ሦስተኛ ርምጃ፦ ቆጠራው ከመቼ ይጀምራል? የሚጨምረውስ ማን ነው?

እዚህ ላይ ጊዜ መውሰድ ይገባል፤ የፈጠራ ባህል የራሱ መልክ የሚኖረው በአብዛኛው በዚህ ርምጃ ነውና።

በኮሪያ ሲሠራበት በቆየው ልማድ ሕፃን እንደተወለደ አንድ ዓመት ይባላል፤ ከዚያም ሁሉም ሰው በአዲስ ዓመት ቀን አንድ ላይ አንድ ይጨምራል። ስለዚህ በዓመቱ የመጨረሻ ቀን የተወለደ ሕፃን በማግስቱ ሁለት ሆኖ ይነሣ ነበር። ይህ ልማድ ከሕግ ሰነዶች እንዲቀር የወጣው ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በሰኔ 2015 ዓ.ም. ነው። በእኛ ዘንድ ደግሞ መወለድና በማኅበር ውስጥ መቆጠር ሁለት ቀኖች ናቸው፤ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣና የክርስትና ስም ይወጣላቸዋል። ባለ ልደቱ ከተወለደበት ቀን ይልቅ የዕለቱን ታቦት የሚያስታውስበት ቤትም ብዙ ነው፤ «የሐምሌ ገብርኤል ዕለት ነው የወለድሁት» ያለች እናት ሐምሌ 19ን በሚገባ ተናግራለች፤ ዓመቱን ግን ላታውቀው ትችላለች።

ለኢሙሬዎች እንዲህ ወሰንሁ። በወደቡ አንድ ምልክት ድንጋይ አለ። ውኃው ድንጋዩን በነካበት ቀን ሰው ሁሉ ታንኳ ላይ ይወጣል፤ በዚያች ዕለት ውኃው «ያነሣው» ሰው ሁሉ አንድ ይጨምራል። ገና ያልተነሣ ሕፃን ቁጥር የለውም፤ «ሴኒ»፣ ማለትም የጉድለት ልጅ፣ ይባላል።

ደንቡን ከጻፉ በኋላ ወዲያውኑ በሦስት ልጆች ይፈትኑት። ውኃው ድንጋዩን ጥቅምት 5 ቀን ነካ እንበል። ጥቅምት 3 የተወለደች ሕፃን በሁለት ቀኗ አንድ ትባላለች። ጥቅምት 7 የተወለደው ጎረቤቷ ግን ዓመት ሙሉ ሴኒ ሆኖ ይቆያል፤ በአራት ቀን ቢያንስም ዕድሜ ልኩን «አንቺ ታላቄ ነሽ» እያለ ይኖራል። በሌላ በኩል እሱና በሚቀጥለው ነሐሴ የምትወለደው ልጅ ዐሥር ወር ቢራራቁም፣ አንድ ሙላት ስለሚያነሣቸው እኩዮች ናቸው። ይህ ፈተና ደንቡ ግፍ የሚሠራበትን ቦታ ያሳያል፤ ታሪክ የሚወለደውም ግፉ ካለበት ነው። ምጧ በጥቅምት መባቻ የመጣባት የኢሙሬ ሴት ውኃውን ስንት ጊዜ ወርዳ እንደምታይ አስቡት።

አራተኛ ርምጃ፦ ቁጥሮቹ

በዚህ ላይ አልቆይም። ኢሙሬዎች የሚቆጥሩት በአውራ ጣታቸው የአራቱን ጣቶች አንጓ እየነኩ ነው፤ በአንድ እጅ ዐሥራ ሁለት አንጓ ስላለ መሠረታቸው ዐሥራ ሁለት ነው። ሰዓትን ከአንድ እስከ ዐሥራ ሁለት ለሚቆጥር አማርኛ ተናጋሪ ይህ አይከብድም። ቁጥሮቹ ባ፣ ዴ፣ ሙን፣ ኪር፣ ሎ፣ ሻም፣ ጌ፣ ፎን፣ ቲል፣ ዋ፣ ኔስ፣ ዶር ናቸው። ሃያ አራት «ዴዶር»፣ ሠላሳ «ዴዶር ሻም»፣ ሠላሳ ስድስት «ሙንዶር»፣ ስልሳ «ሎዶር» ይሆናል።

ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቁጥር መሠረት ሲለወጥ «ክብ» የሆነው ዕድሜም ይለወጣል። እኛ ሃምሳን እንደ ደፍ እናያለን፤ ለኢሙሬ ሃምሳ ከአርባ ስምንት በኋላ የመጣ ተራ ቁጥር ነው። ገጸ ባሕርይዎ በዐሥራ ሁለት የሚቆጥር ሆኖ ሳለ በሃምሳኛ ዓመቱ ድግስ ቢደግስ ቋንቋው ፈርሷል ማለት ነው። ስልሳ ግን ለሁለታችንም ይስማማል፤ በጃፓንም ስልሳኛው ዓመት «ካንሬኪ» ተብሎ የሚከበረው የጥንቱ ዘመን አቆጣጠር የስልሳ ዓመት ዑደት ተመልሶ ስለሚገጥም ነው።

አምስተኛ ርምጃ፦ ዓረፍተ ነገሩን ማቆም

ኢሙርኛ የወሰደው የ«ሞላኝ»ን ቅርጽ ነው፤ ባለቤቱ ሙላቱ፣ ሰውየው ተሳቢ። ግሡ «ኤመ» ሲሆን «አነሣ» ማለት ነው፤ ቅጥያዎቹ «-ኒ» (እኔን)፣ «-ሁ» (አንተን፣ አንቺን)፣ «-ሶ» (እሱን፣ እሷን) ናቸው። እንግዲህ «ታሎ ዴዶር ሻም ኤመኒ» ማለት «ሠላሳ ሙላት አነሣኝ» ማለት ነው። ጥያቄው «ታሎ ማ ኤመሁ?» ሲሆን፣ «ስንት ሙላት አነሣህ?» ተብሎ ይፈታል። በአማርኛ «ያዝሁ» የምንለውን ለመግለጽ ግሡ ወደ «ኤሚ» ይለወጥና በቁጥሩ ላይ የመዓርግ ቅጥያ «-ራ» ይጨመራል፤ «ታሎ ዴዶር ኔስራ ኤሚኒ» ማለት «ሠላሳ አምስተኛው ሙላት ሊያነሣኝ ነው» ማለት ነው፤ የተናገረው ሰው ሠላሳ አራት ነው። ዕድሜው የስም ቅጽል ሲሆን ደግሞ «-ኤም» ከቁጥሩ ይለጠፋል፤ «ሶር ዶርኤም» የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው።

ቅርጹን ስመርጥ ያላሰብሁት አንድ ነገር ገጠመኝ። «ታሎ ኤመሶ» ብዬ ቁጥሩን ብተው ምን ይሆናል? ሙላቱ አነሣው፤ ማለትም ወሰደው። ሐይቅ ዳር የሚኖር ሕዝብ ይህን ሐረግ ለአንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠቀምበት። ስለዚህ በኢሙርኛ ቁጥር ያለው ዓረፍተ ነገር ዕድሜ፣ ቁጥር የሌለው ሞት ሆነ። ዓረፍተ ነገርዎን አንድ አንድ ቃል እየቀነሱ ማንበብ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ከተረፈው ውስጥ ፈጣሪው ያላኖረው ትርጉም አንዳንዴ ይገኛል።

ስድስተኛ ርምጃ፦ ማን ማንን ይጠይቃል?

«ስንት ዓመትህ ነው?» ብለን ልጅን እንጠይቃለን፤ አዛውንትን ግን በቀጥታ ቁጥር መጠየቅ ድፍረት ይሆናል። በመንደር የሚሠራበት ዘዴ በሁነት መጠየቅ ነው፤ «ጣሊያን ሲገባ እርስዎ ስንት ይሆንዎት ነበር?» ሲባል «ድክ ድክ እል ነበር» የሚል መልስ ይመጣል፤ ጠያቂው 1928ን ይዞ በልቡ ያሰላዋል። ኢሙሬዎችም እያንዳንዱን ሙላት በዚያ ዓመት በሆነ ነገር ስም ይጠሩታል። በመሆኑም ለታላቅ ሰው «ስንት» (ማ) ሳይሆን «የትኛው» (ኬ) ይባላል፤ የአክብሮት ቅጥያው «-ሜ» ነው። «ታሎ ኬ ኤመሁሜ?» ማለት «መጀመሪያ ያነሣዎት የትኛው ሙላት ነው?» ማለት ነው። መልሱ አንድ ስም ብቻ ነው፤ ስሌቱ የጠያቂው ፋንታ ነው።

ለታላቅና ለታናሽ የተለየ ቃል አያስፈልግም፤ «ቀድሞኝ የተነሣ» እና «ተከትሎኝ የተነሣ» ይበቃል። ምርቃታቸው ግን ሊዘለል አይገባም። እኛ «የማቱሳላን ዕድሜ ይስጥህ» እንላለን፤ እነሱ «ዶርዶር»፣ ማለትም 144 ሙላት፣ ያንሣህ ይላሉ።

ሰባተኛ ርምጃ፦ ደንቡ የሚሰበርበት ዓመት

እውነተኛ የቀን አቆጣጠር ሁሉ የማይመች ቀን አለው። የእኛ ጳጉሜ 6 ነው። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ብቻ የምትመጣ ስለሆነች፣ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ቀኗን እንደገና የሚያያት በ2019 ነው፤ በመካከሉ ያሉትን ልደቶች ቤተሰቡ በጳጉሜ 5 ወይም በመስከረም 1 ያከብርለታል። የጌታ ልደት ራሱ ይህን ችግር የሚፈታበት የታወቀ ሥርዓት አለው፤ ገና ታኅሣሥ 29 ሲሆን በዘመነ ዮሐንስ ግን ወደ 28 ይመለሳል፤ ምክንያቱም ቀደም ሲል የገባችው ስድስተኛዋ ጳጉሜ ቀኑን በአንድ ገፍታዋለች። ሁለት አቆጣጠር ሲገናኝ ደግሞ ስሕተቱ ይብሳል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ለተወለደ ሰው ወደ አውሮፓውያን ዓመት ለመለወጥ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ ለተወለደ ስምንት ይጨመራል። በኅዳር የተወለድሁ ስሆን አንድ ጸሐፊ ስምንት ደምሮልኝ በወረቀት ላይ በአንድ ዓመት አንሼ ለብዙ ጊዜ ኖሬአለሁ፤ ቅሬታዬን አሁን ወደ ጠቃሚ ነገር ለውጬዋለሁ።

የኢሙሬዎች የማይመች ዓመት ውኃው ድንጋዩን ሳይነካ የሚቀርበት ነው። ይህ ከሐሳብ ብቻ የመጣ አይደለም፤ በ1995 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ጣና በእጅጉ ቀንሶ የጀልባ ጉዞ ተቸግሮ እንደነበር የሐይቁን ዳር የሚያውቅ ያስታውሳል። ድንጋዩ ካልተነካ ማንም አይነሣም። ሕዝቡ ሁሉ ባለበት ዕድሜ ይቆያል። እዚህ ላይ ፈጣሪው ሦስት ምርጫ አለው፤ በሚቀጥለው ዓመት ሁለት መጨመር፣ ሽማግሌዎች ድንጋዩን ወደ ታች እንዲያወርዱ መፍቀድ፣ ወይም ጉድለቱን እንዳለ መተው። የመጀመሪያው ለሒሳብ ይመቻል፤ ግን ምንም አይወልድም። ሁለተኛው ጥሩ የጠብ ምንጭ ነው፤ ድንጋዩን ማን ያወርዳል የሚለው ብቻውን አንድ ታሪክ ይወጣዋል። እኔ ሦስተኛውን መረጥሁ፤ ቋንቋውን የሚያበለጽገው እሱ ስለሆነ ነው።

ጉድለቱ እንዳለ ከቀረ፣ ያልተነሡባቸውን ዓመታት ለብቻ የሚቆጥር አነጋገር ያስፈልጋል። «ታሎ ዶር ሴን ዴ ኤመኒ» ያለ ሰው «ዐሥራ ሁለት ሙላት፣ ሁለት ጉድለት» ብሏል፤ በፀሐይ አቆጣጠር ዐሥራ አራት ነው። ወላጆች ልጃቸውን ለመዳር ሲጣደፉ ሁለቱንም ይደምራሉ፤ ግብር የሚከፍልበት ዕድሜ ሲጠየቅ ግን ታሎውን ብቻ ይናገራሉ። ከሁለት ድርቅ የተረፈ ሰው ሴኑን ሳይጠየቅ ይጠራል፤ ለእሱ ማዕረግ ነው። ወደ ደጋ ወጥቶ ለብዙ ዓመት ታንኳ ያልረገጠ ሰው ሲመለስ ደግሞ የሚቆጠርለት በእኩያው ነው፤ «እንደ እገሌ ነኝ» ይላል፤ ያ እኩያው ከሞተ ዕድሜውን የሚመሰክርለት የለም።

ስምንተኛ ርምጃ፦ የዕለቱ አከባበር

ልደቱ የጋራ ስለሆነ ኬክና ሻማ ቦታ የላቸውም፤ «መልካም ልደት» የሚል የግል ምኞትም አያስፈልግም። በዕለቱ የሚባለው «ኤመኒ፣ ኤመሁ» ብቻ ነው፤ «አነሣኝ፣ አነሣህ»። ሴኒ የነበረ ሕፃን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ እናቱ ከደንገል የተፈተለ ክር በክንዱ ታስርለታለች፤ ዶር ሲሞላው ክሩን ፈትቶ በራሱ ታንኳ አፍንጫ ላይ ያስራል። አንድ ዕቃ ሁለት ዕድሜዎችን ካገናኘ ይበቃል፤ ለየዓመቱ የተለየ ሥርዓት መደርደር አንባቢን ያደክማል።

ዘጠነኛ ርምጃ፦ በንግግር መፈተን

ሁሉንም ደንብ በአንድ አጭር ምልልስ ውስጥ ያስገቡ። አንድ ወጣት በወደቡ ያገኛቸውን አሮጊት ያናግራል። «ሎማ» እንደ «እማማ» ያለ መጥሪያ፣ «ሩሞ» ባል፣ «ፊዛ» ደንገል ነው።

— ሎማ፣ ታሎ ኬ ኤመሁሜ?
— ታሎ ፊዛ።
— ታሎ ሎዶር ዴ?
— ሴን ሙን።
— ሩሞሁሜ፣ ታሎ ኬ ኤመሶሜ?
— ታሎ ኤመሶሜ።

ወጣቱ በአክብሮት «የትኛው» ብሎ ጠየቀ፤ እሳቸው የመጀመሪያ ሙላታቸውን ስም፣ የደንገሉን ሙላት፣ ነገሩት፤ በአንጓው ቆጥሮ ስልሳ ሁለት መሆናቸውን ደረሰበት፤ እሳቸው ሦስት ጉድለት ጨመሩበትና ስልሳ አምስት ሆኑ። ቀጥሎ ስለ ባላቸው ጠየቀ፤ እሳቸው ጥያቄውን ራሱን መለሱለት፣ «ኬ» የምትለዋን ብቻ አውጥተው። ይህን ወደ አማርኛ ለሚመልስ ሰው የምመክረው የኢሙርኛውን መስመር ሳይነካ እንዲያስቀምጠው ነው፤ «ውኃ ወሰዳቸው» ብሎ ቢተረጉመው ፍቺው ይደርሳል፣ የጎደለችው ቃል ግን አትታይም።